ስለ ጎጆና በጎጆ ዙሪያ ስለሚኖሩ አዕዋፍ

በቋንቋችን ጎጆ የሚለው ቃል ለኹለት ነገር ይነገራል። ባልና ሚስት የሚኖሩባት፥ ምሰሶ ቆሞላት ሣር የተከደነች ቤት ጎጆ ትባላለች፤ ወፍም እንቍላሏን የምትጥልባትና ጫጩቶቿን የምታሳድግባት ቤት ጎጆ ትባላለች። አዲስ የተጋቡ ልጆች ከአባታቸው ቤት ሲለዩ ጎጆ ወጡ እንላለን፤ የወፍ ጫጩትም ክንፏ ሲጸና ከጎጆዋ ትወጣለች። አባቶቻችን አንዱን ስም ለኹለቱ የሰጡት ያለ ነገር አይመስለንም። ሰውና ወፍ በአንድ ግቢ፥ በአንድ ክዳን ሥር፥ አንዳንድ ጊዜም ከአንድ አውድማ እየበሉ ኖረዋልና።

ይህ ትምህርት የተጻፈው ለገጠር ትምህርት ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ የአገር ሽማግሎች ነው። ነገሩ ቤትንና ግቢን ስለ ማሻሻል ነው፤ ዳሩ ግን ከመጥረቢያና ከጭቃ አስቀድሞ ዐይን ሥራውን እንዲሠራ እንለምናለን። በበጋ ወራት፥ እህል ከተከተተ በኋላ፥ ባላገር ቤቱን ሲያድስ አንዱ ቀዳዳ ይደፍናል፥ አንዱ ዛፍ ይቈርጣል፥ አንዱም መርዝ ይገዛል። ከዚህ ሥራ ብዙው በወፍ ተማርሮ፥ ወይም በወፍ ላይ የተነገረውን ወሬ አምኖ የሚደረግ ነው። ወሬውን በዐይኑ ያልመረመረ ሰው ጠላቱን ትቶ ወዳጁን ያባርራል፤ ጕዳቱም በልጆቹ ሳንባ፥ በእህሉና በውሃው ላይ ይወድቃል።

ወፍ መመልከት የሕፃናት ጨዋታ ነው የሚል ሰው ቢገኝ መልሱ ቅርብ ነው። የዜማው ሊቅ ቅዱስ ያሬድ ዜማውን ከሦስት አዕዋፍ እንደ ሰማ በትውፊት ይነገራል። ገበሬውም ሰዓት ሳይኖረው ወፍ ሲንጫጫ ይነሣል። ማንም ሳይተክለው በዐጥር ሥር የበቀለውን ተክል ወፍ ዘራሽ ብሎ የሰየመው ሰው፥ ወፍ ፍሬውን ውጣ ዘሩን ከኵሷ ጋራ በሌላ ስፍራ እንደምትጥል አስተውሎ ነው፤ ይህንኑ ዛሬ የዕፀዋት ሊቃውንት በመጻሕፍታቸው ያስተምሩታል። በኢትዮጵያ ከ800 የሚበልጥ የወፍ ዐይነት ይገኛል። ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት፥ አፉ እንደ መጥረቢያ የወፈረው የደጋ ቁራ ከአፍሪቃ ቀንድ ውጪ አይታይም፤ የሩቅ አገር ሰዎች እርሱን ለማየት ብቻ ባሕር ተሻግረው ይመጣሉ፤ የኛ ልጅ ግን በየማለዳው በድንጋይ ያባርረዋል። እንግዲህ የምንለምነው አዲስ ነገር አይደለም፤ የቀድሞው ዐይን በብዕርና በደብተር እንዲታገዝ ነው።

ከክዳኑ እንጀምር። በግድግዳው ራስና በክዳኑ መካከል ክፍተት አለ። በዚህ ክፍተት ራሷ ዐመድማ፥ ጀርባዋ ወደ ቀይ የሚያደላ ድንቢጥ ትገባለች፤ ሣርና የዶሮ ላባ እየለቀመች በወራጁ ላይ ጎጆዋን ትሠራለች። እመቤቲቱ ከድስቷ ላይ ገለባ ሲወድቅባት በጭቃ ይደፈንልኝ ትላለች፤ ባልም ቤቴን አሳመርኩ ብሎ ይደፍነዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንቢጧ አትገባም፤ ጢሱም አይወጣም።

የእንጨትና የኵበት ጢስ ዐይንን በማስለቀስ ብቻ አያበቃም። በውስጡ ያለው ደቂቅ ትቢያ እስከ ሳንባ ጥልቅ ይገባል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ለሳንባ ምች ከሚያጋልጡት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ በእናቶችም ላይ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመምና የዐይን ሞራ ያመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስረዳው በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በየዓመቱ በዓለም የሚሞተው ሰው በሚሊዮን ይቈጠራል። ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከምድጃ አጠገብ እንደሚውል ለምታውቁት ለእናንተ ይህን ነገር ማብዛት አያስፈልግም።

መድኀኒቱ ኹለቱን መለየት ነው፤ ይኸውም ወፍ የማያሳልፍ፥ ጢስ ግን የሚያሳልፍ መጋረጃ ማበጀት ነው። ክፍተቱ በጭቃ ፈንታ ቀዳዳው ከአውራ ጣት ጥፍር በማይበልጥ የሽቦ ወንፊት ይጋረድ። ሽቦ ባይገኝ ከተሰነጠቀ ሸምበቆ ወይም ከቀርከሃ ጥልፍልፍ ይሠራ። በምድጃው በኩል ትይዩ የኾኑ ኹለት መስኮቶች ቢከፈቱ ነፋስ ጢሱን ይዞት ይወጣል። ዐቅም ያለው ሰው ማድ ቤቱን ከመኝታ ቤቱ ቢለየው ከኹሉ ይበልጣል። ሥራው ከመዠመሩ በፊት ግን ልጅ በመሰላል ወጥቶ ጎጆው ውስጥ ጫጩት መኖሩን ይመልከት፤ ካለ ጥቂት ሳምንት መታገሥ ነው፤ ጫጩት በቤት ውስጥ ሞቶ የሚያመጣው ሽታ ከገለባው ይብሳልና።

አኹን ወደ ጎተራው እንሂድ፤ በዚህ ነገር ጥቂት መቈየት ግድ ይኾንብናል።

ጉጉት በአገራችን ክፉ ስም ወጥቶላታል። በቤት ጣራ ላይ ስትጮኽ ሰው ይሞታል ስለሚባል ልጆች በወንጭፍ ይመቷታል፤ ጎልማሶችም ጎጆዋን ከነጫጩቶቿ ያጠፋሉ። ነገሩን እንደ ዳኛ ኾነን እንመርምረው። ጉጉት የምትመጣው አይጥ ወዳለበት ነው፤ አይጥም የሚበዛው እህል ባለበት ነው። በሽተኛ ያለበት ቤት ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል፤ ስለዚህ ጩኸቷን ይሰማል። ጤነኛው ጎረቤት ግን እንቅልፍ ወስዶት ስለ ነበረ፥ በዚያችው ሌሊት በርሱም ጣራ ላይ መጮ኿ን አያውቅም። በማግሥቱ በሽተኛው ቢሞት ጩኸቷ በለቅሶው ቤት ይነገራል፤ ቢድን ግን ማን ያስታውሰዋል? ምስክር የኾኑት ያልተኙት ብቻ ናቸውና ፍርዱ የቀና አይደለም።

ከጉጉቶች መካከል ወደ ሰው ቤት እጅግ የምትቀርበው ፊቷ ነጭ፥ ጀርባዋ ወደ ወርቅ የሚያደላው ናት። ላባዋ ለስላሳ ስለ ኾነ ስትበር ድምፅ አትሰጥም። አይጥ በጨለማ ገለባ ስትረግጥ በጆሮዋ ብቻ ሰምታ ትይዛታለች። በአንድ ሌሊት ሦስት ወይም አራት አይጥ ትውጣለች፤ ጫጩት በምታሳድግበት ጊዜ የምታድነው ከዚህ ይበልጣል። አይጧን ከነአጥንቷና ከነጠጕሯ ትውጣትና፥ ሆዷ ሊፈጨው ያልቻለውን እንደ ጥቅል አድርጋ በአፏ ትተፋዋለች። ጥቅሉም በምታርፍበት ዛፍ ወይም በአሮጌ ቤት ጥግ ሥር ተከማችቶ ይገኛል።

ይህ ጥቅል ለመምህር ያለ ገንዘብ የተገኘ የማስተማሪያ መሣሪያ ነው። ዐሥር ያህል ተለቅሞ በፀሓይ ይድረቅ፤ ቀጥሎ የፈላ ውሃ ይፍሰስበትና በእንጨት ይፈልቀቅ። በውስጡ የአይጥ ራስ ቅልና ጥርስ፥ አንዳንድ ጊዜም የአንበጣ እግር ይገኛል። ተማሪዎች የራስ ቅሎቹን ቈጥረው በሰሌዳ ላይ ይጻፉ፤ እጃቸውንም በሳሙና ይታጠቡ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ ቍጥሩን ወስዶ ለአያቱ ያንብብለት። ብዙ ቃል ከመናገር ይህ አንድ ቍጥር ሽማግሌን ያሳምናል ብለን እናምናለን፤ ሽማግሌ የእህልን ዋጋ ያውቃልና።

ስለ አይጥ መርዝም የምንለው አለ። ከመርዞቹ ብዙዎቹ አይጧን ወዲያው አይገድሏትም፤ ጥቂት ቀን ደክማ ስትንገዳገድ ጉጉቷ ወይም ድመቷ በቀላሉ ትይዛታለች፥ መርዙም ወደ በላችው ያልፋል። አይጥ ባረገዘች በ3 ሳምንት ትወልዳለች፥ ብዙም ትወልዳለች፤ ጉጉት ግን በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ኹለት ጊዜ ብቻ ትፈለፍላለች። መርዙ ካለቀ በኋላ ከኹለቱ ማንኛዋ ቀድማ ወደ ጎተራው እንደምትመለስ ለተማሪዎች በሒሳብ ትምህርት ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። መርዝ በቤት ውስጥ ለሕፃን ያለውን አደጋ ደግሞ ማንም ይረዳዋል።

ከመርዝ የሚሻለው ጎተራውን ማሻሻል ነው። ጎተራው 1 ሜትር ያህል ከፍታ ባላቸው እግሮች ላይ ይቁም፤ በየእግሩም አፉ ወደ ታች የተደፋ የቆርቆሮ ቈብ ይደረግ፤ አይጥ በእግሩ ስትወጣ ከቈቡ ሥር ደርሳ ትመለሳለች። ከዛፍ፥ ከዐጥርና ከግድግዳ 1 ሜትር ያህል ይራቅ፤ በሥሩ የበቀለው ሣር ይታጨድ። ሣሩ የታጨደ እንደ ኾነ አይጥ መደበቂያ ታጣለች፤ ጉጉቷም ከላይ ታያታለች።

ያለ በደሏ የምትከሰሰው ጉጉት ብቻ አይደለችም። ዐይንንና ገላን ቢጫ የሚያደርገውን ደዌ የወፍ በሽታ እንለዋለን። ወፍ በላዩ አልፋበት ነው፥ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው ይባላል። የሌሊት ወፍ አስቀድሞ ወፍ አይደለችም፤ ጠጕር ያላትና ልጇን ጡት የምታጠባ እንስሳ ናት። ቢጫው ግን የሚመጣው ጉበት ሲታመም ነው። ጉበትን ከሚያሳምሙት ብዙ ነገሮች ዋነኞቹ ቫይረስ የሚባሉ በዐይን የማይታዩ ተሕዋስያን ናቸው። አንዳንዱ ዐይነት የሰው ዐይነ ምድር በነካው ውሃና ምግብ ይገባል፤ ሌላው ዐይነት በደም፥ በሩካቤ፥ እንዲሁም በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል። በውሃ ከሚመጡት አንዱ በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ሲደርስ እጅግ ይከፋል፥ ለሞትም ያደርሳል።

ስለዚህ ከቤተ ሰቡ አንዱ ቢጫ የኾነ እንደ ኾነ ወደ ጣራ ማየት ቀርቶ ምንጩ ይታይ። በሽተኛው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ገላን መተኰስና ያልታወቀ ሥር ማጠጣት የታመመውን ጉበት የበለጠ ይጐዳዋል። የመጸዳጃ ጕድጓድም ከውሃ ጕድጓድ 30 ሜትር ያህል ርቆ፥ ከርሱም በታች በኩል ይቈፈር። ስሙን እንኳ ከአፋችን ማውጣት ባንችል፥ ምክንያቱን ከልባችን ማውጣት እንችላለን።

ውሃን ካነሣን የቆርቆሮ ክዳንን ጥቅም መናገር ይገባል። በ1 ሜትር ካሬ ክዳን ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢዘንብ 1 ሊትር ውሃ ይገኛል። በዓመት 1000 ሚሊ ሜትር በሚዘንብበት አገር፥ 40 ሜትር ካሬ የኾነ ክዳን 40,000 ሊትር ያወርዳል፤ ይህም በ200 ሊትር በርሜል ቢሰፈር 200 በርሜል ነው። ጥቂቱ ፈስሶና ተንኖ ቢጠፋ እንኳ የቀረው ብዙ ነው። ዳሩ ግን ርግብና ድንቢጥ በክዳኑ ላይ ኵሳቸውን ስለሚጥሉ፥ ከደረቅ ወራት በኋላ የመዠመሪያው ዝናብ ክዳኑን እስኪያጥብ ድረስ ወደ ሜዳ ይፍሰስ፤ የበርሜሉም አፍ በጨርቅ ይሸፈን፤ የሚጠጣውም ይፍላ። ቆርቆሮ ሙቀትና ብርድ እንደሚያስገባ፥ በክረምትም የመምህሩን ድምፅ እንደሚውጥ የምታውቁት ነው። ከሥሩ የሸምበቆ ኮርኒስ ቢደረግለት ይህ ኹሉ ይቀንሳል።

ስለ ዐጥር ጥቂት እንበል። በደረቅ እንጨት የታጠረ ዐጥር በምስጥ ተበልቶ ደጋግሞ ይታደሳል፤ ለዚህም ዛፍ ይቈረጣል። ቀጋ፥ አጋምና ሰንሰል ግን አንድ ጊዜ ከተተከሉ ራሳቸውን ያድሳሉ፥ ለወፍም ፍሬና መሸሸጊያ ይኾናሉ። በግቢ ጥግ ኮርች ያለው ሰው ቀዩ አበባ ሲፈነዳ ላባዋ እንደ ሐር የሚያንጸባርቅ፥ አፏ ቀጭንና ቆልማማ የኾነች ወፍ ማሩን ስትቀስም ያያል፤ ከነዚህ ወፎች አንዷን የውጭ ሊቃውንት በተከዜ ወንዛችን ስም ጠርተዋታል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ባሕር ዛፍ ለቤት መሥሪያ የሚጠቅም ስለ ኾነ አንነቅፈውም፤ ከምንጭና ከእርሻ ግን ይራቅ፤ ወይራውም ለርሱ ቦታ ሲባል አይቈረጥ።

ወደ እህሉ እንመለስና ስለ ቢጫዋ ጎጆ ሠሪ እንናገር። በወንዝ ዳር ወይም በግራር ጫፍ ላይ ሣር እየጠለፈ እንደ ቅል የተንጠለጠለ ቤት የሚሠራው ወንዱ ነው። ሠርቶ ሲጨርስ ክንፉን እያራገበ ሴቲቱን ይጠራል፤ እርሷም ገብታ ውስጡን ትመረምራለች። ካልወደደችው ትሄዳለች፤ እርሱም ጎጆውን አፍርሶ በአዲስ ሣር እንደ ገና ይሠራል። ባሎች ይህን ለልጆቻቸው ሲያስረዱ ሚስቶቻቸው ባይሰሙ ይሻላል።

ይህች ወፍና ዘመዶቿ እህል መብላታቸውን አንክድም። ነገር ግን ጫጩቶቻቸውን በመዠመሪያ የሚመግቡት በትልና በተባይ ነውና ዕዳቸውን በከፊል ይከፍላሉ። ግሪሳ ግን ሌላ ናት። በቈላና በስምጥ ሸለቆ እንደ ደመና ኾና ትመጣለች፤ አንዷ በቀን 10 ግራም ያህል እህል ትበላለች። እንግዲህ 1 ሚሊዮን ግሪሳ የሰፈረበት አገር በአንድ ቀን 100 ኵንታል ያጣል ማለት ነው። ግሪሳ በሰፈረች ጊዜ ፈጥኖ ለግብርና ቢሮ ማስታወቅ ነው እንጂ፥ በግቢ ውስጥ ያለችውን ጎጆ ሠሪ መግደል ግሪሳን አይከለክልም።

ከወፍ ጋራ በተያያዘ ትምህርት ቤትን የሚጐዳ አንድ ልማድ አለ። ማሽላ እሸት ሲይዝ ልጅ ወንጭፍና ጅራፍ ይዞ በማማ ላይ ይውላል፤ ከትምህርቱም ብዙ ሳምንት ይቀራል። አባቱን መውቀስ ቀላል ነው፤ የዓመት ቀለቡ በሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ ግን ወቀሳ አይሰማም። የወፍን ጠባይ የተመለከተ ሰው መካከለኛ መንገድ ያገኛል። እህል በሊታ ወፍ አጥብቃ የምትበላው ማለዳ ከፀሓይ መውጫ እስከ ረፋድ፥ ደግሞም ከሰዓት በኋላ ፀሓይ ከበረደች ጀምሮ እስከ ማታ ነው። በቀትር ጊዜ በጥላ ታርፋለች። እህሉ ወተት ከቋጠረ እስኪጠነክር ያለው ጊዜም ጥቂት ሳምንት ነው። መምህሩና ሽማግሎቹ ተመካክረው በነዚያ ሳምንታት ትምህርቱ ከ4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት እንዲኾን ቢያደርጉ፥ የቀረውንም ጥበቃ ጎረቤታሞች በየተራ ቢከፋፈሉት፥ ልጁም ማሽላውም አይጠፉም። ይህ በአንድ ሰው ፈቃድ የሚኾን አይደለም፤ የሸንጎ ነገር ነው።

የትምህርት ቤቱ ግቢ ለምልከታ የተመቸ ነው። በበጋ የተሰበረ እንስራ ታችኛው ገል ተወስዶ ውሃ ይጨመርበት፤ ትንሿ ወፍ የምትቆምበት ጠፍጣፋ ድንጋይ በውስጡ ይቀመጥ። ድመት ከምታደባበት ቍጥቋጦ ራቅ ይበል፤ ቢንቢ እንዳይራባበት ውሃው በየቀኑ ይለወጥ። ተማሪዎች በሳምንት አንድ ማለዳ ግማሽ ሰዓት ዝም ብለው ይቀመጡና በመዝገብ ይጻፉ፤ ቀኑን፥ ሰዓቱን፥ የወፏን መልክ፥ ቍጥሯንና የምትሠራውን። ጎጆ አይነካም፥ ወንጭፍም በዚያ ቀን ቤት ይቀራል።

ዓመት ሙሉ የጻፈ ልጅ የመስቀል ወፍን ምስጢር ያገኛል። ከዘመድ ጠፍቶ የከረመን ሰው የመስቀል ወፍ ኾንክ እንለዋለን፤ በመስከረም ከአደይ አበባ ጋራ ታይታ ትሰወራለች ብለን ነው። በብዙ አገር በዚህ ስም የሚጠሩት፥ ጥቍር ላባቸው በቀይ ወይም በቢጫ ያጌጠ፥ አንዳንዶቹም ጅራታቸው የረዘመ ወፎች፥ ወዴትም አይሄዱም። ወንዱ በክረምት ለሴቲቱ ሲል ያጌጠበትን ላባ መኸር ሲያልፍ ያራግፍና እንደ ሴቲቱ ቡናማ ይኾናል፤ ከድንቢጦች ጋራ በአውድማው ላይ ሲለቅም እያየነው አናውቀውም። በአንጻሩ ደግሞ ጅራቷ እንደ መቀስ የተሰነጠቀች፥ በከብት መካከል ዝንብ እያሳደደች የምትበር ወፍ፥ እንዲሁም ጅራቷን ሳታቋርጥ የምታወዛውዝ ቢጫ ሆድ፥ የአገር ልጅ ይመስሉናል፤ ከነርሱ ብዙዎቹ ግን በመስከረም ከአውሮፓና ከእስያ መጥተው በሚያዝያ ገደማ የሚመለሱ እንግዶች ናቸው።

በመዝገቡ ላይ ስለ ስም አጠራር አንድ ነገር እናሳስባለን። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች እንደሚባለው፥ ሰውም ወፍን እንዳገሩ ይጠራታል፤ በጎጃም ያለው ስም በወሎ ወይም በሸዋ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ልጁ ያየውን ለሽማግሌ ነግሮ ስሙን ይጠይቅ፤ ከስሙም አጠገብ የተነገረበት ቀበሌ ይጻፍ። ስሙን የሚያውቅ ባይገኝ ቦታው ባዶ ይቆይ እንጂ በግምት አይሞላ። የሌሊት ወፍም በወፎች ተርታ አትግባ፤ የራሷ ገጽ ይሰጣት። መዝገቡ በትምህርት ቤቱ ሣጥን ተቈልፎ ይቀመጥና፥ ትምህርት ሲከፈት አዲስ ገጽ ወጥቶ የዘንድሮው ከአምናው ጎን ለጎን ይጻፍ።